ሞተሩ አልነሳም ማለት ባትሪው ሞቷል ማለት አይደለም

በጎንደርና በሰሜኑ ደጋ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት መታየት ያለባቸው ሦስት ቁጥሮች

መንገዱ ሰላም በዋለበት ቀን የጎንደር ከተማ ሥራ የሚጀምረው በባጃጅ ነው። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ፣ ከማራኪ ወደ ቅዳሜ ገበያ ሠራተኛውንም፣ ነጋዴውንም፣ ተማሪውንም የሚያመላልሰው እሱ ነው። ወደ ገጠሩ ወጣ ሲባል ደግሞ በወገራ፣ በዳባትና በደባርቅ መኪና በማይደፍረው መንገድ የግብርናና የጤና ባለሙያው፣ የእህልና የከብት ነጋዴው የሚተማመኑት በሞተር ሳይክል ነው። ሁለቱም አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ማታ ደህና ገብተው ጠዋት አልነሳም ይላሉ።

ቁልፉ ይዞራል፤ «ጠቅ» ይላል፤ ከዚያ ዝም። ባለንብረቱም፣ ሾፌሩም፣ ዙሪያውን የከበበው ሰውም የሚሰጠው ፍርድ አንድ ዓይነት ነው፤ «ባትሪው ሞቷል» ይባላል። ከፍርዱ ቀጥሎ የሚመጣው ግዢ ነው። አሮጌው ባትሪ ለቆራሌው ይሰጣል፣ አዲሱ ይገጠማል፣ ሞተሩም ይነሳል። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መልካም ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ከወር ከሁለት ወር በኋላ ያው «ጠቅታ» ተመልሶ ይመጣል። ያን ጊዜ ባለንብረቱ ሻጩን «የተበላሸ ዕቃ ሸጠህልኝ» ይላል፤ ሻጩም «የአንተ ሞተር ነው የበላው» ብሎ ይመልሳል። ጠብ ይነሳል፣ ደንበኝነት ይፈርሳል፣ ገንዘብም ይባክናል።

ባትሪ በአብዛኛው ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር የባንክ ዋጋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከዚያ ወዲህ ያለ ምርመራ የሚገዛ እያንዳንዱ መለዋወጫ ከቀድሞው የበለጠ ኪስ ይጎዳል። በመሆኑም ባትሪ ከመግዛት በፊት አሥር ደቂቃ ወስዶ መፈተሽ ዛሬ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል፤ የሒሳብ ጉዳይ ሆኗል።

ባትሪው ምን ሠርቶ ምን ይተዋል?

በእርሳስና በአሲድ የሚሠራው ባትሪ እ.ኤ.አ. በ1859 በፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የተፈለሰፈ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሻሽሏል፤ መሠረቱ ግን አልተለወጠም። ባለ 12 ቮልት የሚባለው ባትሪ ውስጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል፤ ስድስቱ ሲደመሩ 12.6 ይሆናሉ። የአብዛኛዎቹ ትናንሽ ሞተር ሳይክሎች ባትሪ ከ5 እስከ 9 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ትንሽ ዕቃ ነው። የባጃጁ ከዚያ በብዙ ይበልጣል፤ ከመኪናው ግን ያንሳል።

የባትሪው ዋና ሥራ ለጥቂት ሰከንዶች ከፍተኛ ጉልበት ሰጥቶ ሞተሪኖውን ማዞር ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን ካነሳ በኋላ ተራው የዲናሞው ነው። ዲናሞው መብራቱን፣ ጡሩምባውንና ሌላውንም እያንቀሳቀሰ ባትሪው ያወጣውን ይመልስለታል። በሁለቱ መካከል ሬጉሌተር የሚባል ዕቃ አለ። ከዲናሞው የሚመጣው ኃይል ከልክ እንዳያልፍ የሚቆጣጠረው እሱ ነው።

በነጋዴ ቋንቋ ብንናገር ባትሪው ካዝና ነው፤ ሞተሪኖው ወጪ፣ ዲናሞው ገቢ፣ ሬጉሌተሩ ደግሞ ገንዘብ ያዥ። ካዝናው ባዶ ሆኖ ሲገኝ ካዝናውን አውጥቶ መጣል ሥራ አይደለም። ገቢው ቆሞ እንደሆነ፣ ወይም በስውር የሚወጣ ወጪ ካለ አዲሱም ካዝና ይራቆታል።

አስቀድሞ ድምፁን ማዳመጥ

የምርመራው መጀመሪያ ምንም መሣሪያ አይፈልግም። ቁልፉን ከፍቶ፣ የፊት መብራቱን አብርቶ፣ የማስነሻውን ቁልፍ መጫንና ሁለት ነገር ልብ ማለት ይበቃል፤ ድምፁንና የመብራቱን ጠባይ።

ድምፅም መብራትም ከሌለ ነገሩ ወደ ተቃጠለ ፊውዝ፣ ወደ ላላ የባትሪ ሽቦ ወይም ፈጽሞ ወደ ወረደ ባትሪ ያመለክታል። ፊውዝ ከባትሪ ጋር የማይወዳደር ርካሽ ዕቃ ስለሆነ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው። ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ ግን ለምን ተቃጠለ ብሎ መጠየቅ ያሻል። በፊውዝ ቦታ የመዳብ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መሄድ የለመደ፣ አንድ ቀን ሙሉውን የሽቦ መስመር አቃጥሎ ሊገባ ይችላል።

መብራቱ በርቶ፣ የማስነሻው ቁልፍ ሲጫን ደግሞ ድክም ብሎ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» የሚል ተከታታይ ድምፅ ከተሰማ፣ ጉልበት አነሰው ማለት ነው። ይህ የወረደ ባትሪ ምልክት ነው። የላላ ወይም የዛገ የባትሪ ራስም ይህንኑ ድምፅ ያመጣል። ስለዚህ ፍርድ ከመስጠት በፊት ሁለቱን ራሶች ፈትቶ፣ ፍቆና አጥብቆ እንደገና መሞከር ይገባል። በራሶቹ ላይ የሚወጣውን ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ሙቅ ውኃ ማጠብ፣ ካደረቁና ካጠበቁ በኋላም ቫዝሊን መቀባት የቆየ ዘዴ ነው። የሶዳው ውኃ ግን ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሲፈታ ኔጋቲቩ ይቀድማል፤ ሲገጠም ፖዘቲቩ ይቀድማል።

መብራቱ ሳይደክም አንድ ጊዜ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ፣ ባትሪው የተጠየቀውን እየሰጠ ሳይሆን አይቀርም። ጥርጣሬው ወደ ማስነሻው ሪሌ፣ በሞተሪኖው ውስጥ ወዳሉት ካርቦኖች ወይም ወደ ማሳው ሽቦ ይዞራል። ማሳ ማለት ከባትሪው ኔጋቲቭ ወደ ሞተሩ አካል የሚሄደው ሽቦ ነው። ክረምቱን በጭቃና በእጥበት ያሳለፈ ባጃጅ ማሳው ዝጎ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም።

ጠቅታም ሳይኖር መብራቱ ደምቆ የሚበራ ከሆነ ደግሞ ትንንሾቹን ነገሮች ማየት ነው። ቀዩ የሞተር ማጥፊያ ሳይታወቅ ተነክቶ ይሆናል። ማርሹ ባዶ ላይ ላይሆን ይችላል፤ ፍሪሲዮን ካልተያዘ ወይም የጎን ማቆሚያው ካልታጠፈ የማይነሳም ሞተር ብዙ ነው። በአንዲት ጣት በሚገፋ ማጥፊያ ምክንያት ጋራዥ ድረስ የተገፋ ሞተር ጥቂት አይደለም።

በመጨረሻም ሞተሪኖው በጉልበት እየዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ፣ ባትሪው ንጹሕ ነው። ችግሩ በነዳጅ፣ በካንዴላ ወይም በአየር በኩል ነው። በዚህ ጊዜ ባትሪ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን እያወቀ እንደሚጥል ይቆጠራል።

ሦስቱ ቁጥሮች

ድምፁ አቅጣጫ ያሳያል፤ ማረጋገጫው ግን ቴስተር ነው። ተራው የዲጂታል ቴስተር ዋጋው ከአንድ ባትሪ ያነሰ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ተገዝቶ ለዓመታት ያገለግላል። መለኪያውን በዲሲ ቮልት 20 ላይ አድርጎ፣ ቀዩን በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጋቲቭ ራስ ላይ አሳርፎ ሦስት ጊዜ ማንበብ ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ፣ በተለይ ጠዋት የሚነበበው ነው። ከ12.6 በላይ ከሆነ ባትሪው ሞልቷል። 12.4 ሦስት አራተኛ ያህል፣ 12.2 ግማሽ ገደማ፣ 12.0 ደግሞ ሩብ ያህል ብቻ እንደቀረው ያመለክታል። ከ12.4 በታች የሆነ ባትሪ ሳይሞላ ተመርምሮ «ሞቷል» አይባልም፤ የተራበ ሰው ታሟል እንደማይባል ማለት ነው። ቻርጅ ተደርጎ ነው የሚፈተሸው። አሞላሉም በዝግታ ነው፤ የአምፔር ሰዓቱን አንድ አሥረኛ ያህል። ለ5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ግማሽ አምፔር ለአሥር ሰዓትና ከዚያም ለሚበልጥ ጊዜ ማለት ነው። ይህን ትንሽ ባትሪ በትልቅ የመኪና ቻርጀር በአንድ ሰዓት ልሙላ ማለት ማፍላት ነው።

ሁለተኛው ቁጥር የማስነሻው ቁልፍ ተጭኖ ሞተሪኖው እየዞረ የሚነበበው ነው። ቮልቱ መውረዱ አይቀርም። ከ10 በላይ ከቆየ ጥሩ ነው፤ ከ9.6 በታች ከወደቀ ግን ባትሪው ጉልበት የለውም። የመጀመሪያው ቁጥር ደህና ሆኖ ሁለተኛው ሲወድቅ የሚገጥመው ብዙ ነው። ከውጭ ሲያዩት የሞላ የሚመስል፣ ሲከፍቱት ግን ነቀዝ የጨረሰው ጎተራ እንደማለት ነው። ሞልቶ ሳለ በዚህ ፈተና የሚወድቅ ባትሪ፣ ራሶቹ ንጹሕና ጥብቅ ከሆኑ፣ በእርግጥም መለወጥ አለበት። ባለንብረቱ ያለ ጸጸት መግዛት የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

በዚሁ ጊዜ ማሳውንም መፈተሽ ይቻላል። አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አድርጎ ማስነሳት ነው። ከግማሽ ቮልት በላይ ከታየ ጉልበቱ በመንገድ ላይ እየቀረ ነው፤ ሽቦው መታደስ አለበት።

ሦስተኛው ቁጥር ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ መጠነኛ ሲሰጠው የሚነበበው ነው። ደህና የሆነ ዲናሞና ሬጉሌተር ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ያሳያል። ቁጥሩ ከ13 በታች ከሆነ ባትሪው የሚገባለት የለም፤ ከ15 በላይ ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ እየገባበት አሲዱ እየፈላ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ሦስተኛ ቁጥር ነው፤ አዲስ ባትሪ በወሩ የሚሞትበትም ዋናው ምክንያት ይኸው መዘለሉ ነው።

አዲሱ ባትሪ ለምን ይሞታል?

አንድ ባለ ባጃጅ ሬጉሌተሩ ተበላሽቶበታል እንበል። ሦስተኛው ቁጥር 12.3 ነው። ይህን ሳያይ አዲስ ባትሪ ይገጥማል። አዲሱ ባትሪ ጥቂት ቀናት በራሱ ስንቅ ይሠራል፤ ከዚያ ይወርዳል። ቻርጅ ይደረጋል፤ እንደገና ይወርዳል። ወርዶ የሚቆይ ባትሪ በሳህኖቹ ላይ የእርሳስ ሰልፌት የሚባል ነጭ ክርስታል ይጋገርበታል። ይህ ክርስታል ከጠነከረ በኋላ በቻርጅ አይመለስም። በዚህ ዓይነት ጤነኛ የነበረው አዲስ ባትሪ በእርግጥም የሞተ ባትሪ ይሆናል። ሻጩም እውነቱን ነው፣ ገዢውም እውነቱን ነው፤ ጥፋተኛው ግን ማንም ያልመረመረው ሬጉሌተር ነው።

ሌላው ምክንያት አጠቃቀም ነው። ባለ 35 ዋት የፊት መብራት 3 አምፔር ገደማ ይበላል። ባለ 5 አምፔር ሰዓት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ መብራቱ ቢበራ ሁለት ሰዓት እንኳ አይደርስም። የጎንደር ከተማ ዳገትና ቁልቁለት ይበዛበታል። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲል ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍቶ፣ ቴፑን ከፍቶ፣ መብራቱን አብርቶ የሚንከባለል ሾፌር ከነዳጁ የቆጠበውን ከባትሪው ይከፍላል። ለሕይወትም አደገኛ መሆኑ ሳይረሳ ነው። በየመቶ ሜትሩ እያጠፉ ማስነሳትም እንዲሁ ነው፤ ሞተሪኖው ያወጣውን ዲናሞው ሳይመልስ ሌላ ወጪ ይመጣል።

በስውር የሚወጣ ወጪም አለ። ተጨማሪ የተገጠመ ማስጠንቀቂያ፣ ባለ ቀለም አምፖል ወይም የተላጠ ሽቦ ቁልፉ ጠፍቶ እያለ ኃይል ሊስብ ይችላል። 50 ሚሊ አምፔር ብቻ የሚስብ ነገር 5 አምፔር ሰዓት የሆነውን ባትሪ በ100 ሰዓት፣ ማለትም በአራት ቀን ገደማ ባዶ ያደርገዋል፤ ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ ነው። ይህን ለማወቅ ቴስተሩን በአምፔር መለኪያው ላይ አድርጎ፣ ቁልፉ ጠፍቶ፣ በኔጋቲቩ ራስና በሽቦው መካከል ማስገባት ነው። በዚህ ጊዜ ቁልፉን መክፈት ወይም ማስነሳት ቴስተሩን ያቃጥላል።

ቆላው ይገድላል፣ ደጋው ይቀብራል

የጎንደር አካባቢ ነጋዴ በአንድ ቀን ሁለት የአየር ንብረት ያያል። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ቆላ ሲሆን፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ነው። ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ የሆነችውና ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀው ደባርቅ ደግሞ 2,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከእሷ በላይ ባለው የስሜን ተራራ ውርጭ የሚወርድበት ሌሊት አለ።

ሙቀት የባትሪን ዕድሜ ያሳጥራል። በባለሙያዎች ዘንድ በሰፊው የሚጠቀሰው ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእርሳስ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል የሚል ነው። ውኃው ይተናል፣ ሳህኖቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ። በቆላው ግን ሞተሩ ስለማይከብድ ጉዳቱ አይታይም። ያው ባትሪ ደጋ ሲወጣ ነው የሚጋለጠው። በ0 ዲግሪ ብርድ ጤነኛ ባትሪ እንኳ የሚሰጠው አቅሙን 80 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ የሞተሩ ዘይትም ስለሚወፍር ሞተሪኖው የሚጠይቀው ጉልበት ይጨምራል። በቆላ የተገደለ ባትሪ በደጋ ይቀበራል ማለት ይህ ነው። ስለዚህ ከመተማ መስመር የተመለሰን ሞተር ወደ ደባርቅ ከመላክ በፊት የባትሪውን ውኃ ማየትና ሁለተኛውን ቁጥር ማንበብ ይበጃል።

ከፍታው ሌላም ግራ መጋባት ያመጣል። በጎንደር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ገደማ፣ በደባርቅ ደግሞ በ30 በመቶ ያህል ያነሰ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራተር ይህን ስለማያውቅ ነዳጁን እንደ ወትሮው ያፈሳል፤ አየሩ ግን አይበቃውም። ውጤቱ ጥቁር ጭስ፣ ጥላሸት የለበሰ ወይም በቤንዚን የራሰ ካንዴላ፣ ጠዋት ጠዋትም የማይነሳ ሞተር ነው። ባለንብረቱ ደጋግሞ ያስነሳል፤ በመጨረሻ ባትሪው ይወርዳል። ያን ጊዜ የሚታየው የወረደው ባትሪ ነው፤ በሽታው ግን ካርቡራተሩ ነበር።

ስለዚህ ሞተሪኖው በደንብ እየዞረ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ውስጥ ካልተነሳ ማቆም፣ ግማሽ ደቂቃ ማሳረፍ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ካንዴላውን ፈትቶ ማየት ነው። የራሰ ከሆነ አድርቆ ወይም ለውጦ፣ ቾኩን መልሶ መሞከር፤ ደረቅ ከሆነ የነዳጁን መንገድ መከተል ይገባል። ካርቡራተሩን ለከፍታው እንዲያስተካክል ለባለሙያ መስጠት ከአንድ ባትሪ ግዢ በብዙ ይረክሳል።

አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ትናንሽ ሞተሮች ለካንዴላው እሳት የሚሰጡት ከራሳቸው ከዲናሞው እንጂ ከባትሪው አይደለም። እንደነዚህ ያሉት ባትሪያቸው ፈጽሞ ወርዶም በእግር ተረግጠው ይነሳሉ። በእግርም በመግፋትም አልነሳ ያለ እንዲህ ያለ ሞተር በባትሪ ሊድን አይችልም። እሳታቸውን ከባትሪ የሚያገኙት ግን ባትሪው በጣም ከወረደ ሲገፉም ላይነሱ ይችላሉ። የራስ ሞተር ከየትኛው ወገን እንደሆነ ከደህና ጊዜ ጠይቆ ማወቅ ይጠቅማል።

የቆመ ንብረት

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ክልሉ ባለበት የጸጥታ ችግር ምክንያት መንገድ ሲዘጋ፣ ሞተርና ባጃጅ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ቆመው ይከርማሉ። ባትሪ ሳይሠራም በራሱ ይቀንሳል። እየቀነሰ ሲሄድ ደግሞ ቀደም ሲል የተባለው ክርስታል ይጋገርበታል። ንብረቱ እንደሚቆም ከታወቀ ኔጋቲቩን መፍታት፣ ከተቻለም ባትሪውን አውጥቶ በወር አንድ ጊዜ በዝግታ መሙላት ዕድሜውን ያቆያል። በየቀኑ ለሁለት ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋት ግን ጥቅም የለውም፤ ለማስነሳት የወጣው በሁለት ደቂቃ አይመለስም።

መክፈቻ ያለው ባትሪ ውኃው ከመስመሩ በታች ከወረደ የሚጨመርበት የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ነው። የቧንቧ ውኃም፣ በሱቅ የሚሸጠው ሃይላንድም ማዕድን ስላለባቸው ሳህኖቹን ይጎዳሉ። አሲድ መጨመርም ስሕተት ነው፤ የተነነው ውኃው እንጂ አሲዱ አይደለም።

ለባትሪ ነጋዴው

ነጋዴው ሦስት ነገር ቢያደርግ ጠቡ ይቀንሳል። አንደኛ፣ ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይውጣ። አሲድ ተሞልቶ የመጣ ባትሪ መደርደሪያ ላይም ሆኖ ያረጃል፤ በየወሩ ተለክቶ ከ12.5 በታች የወረደው መሞላት አለበት።

ሁለተኛ፣ ደረቅ ሆኖ የሚመጣው ባትሪ አሲድ እንደተሞላ ወዲያው ለገዢ አይሰጥ። ሳህኖቹ አሲዱን መጥጠው፣ በዝግታ ቻርጅ ተደርጎ መሙላት አለበት። የቸኮለ ደንበኛ ሳይሞላ ይዞት ቢሄድ፣ ባትሪው ከመጀመሪያውም ሙሉ አቅሙን ላያገኝ ይችላል። ደንበኛውን «ነገ ጠዋት ና» ማለት የአንድ ቀን ሽያጭ ያዘገይ ይሆናል፤ ደንበኛውን ግን ያቆያል።

ሦስተኛ፣ ባትሪው ከተገጠመ በኋላ ሦስተኛውን ቁጥር በደንበኛው ፊት ለክቶ ደረሰኙ ላይ መጻፍ ነው። «በተገጠመ ዕለት 14.1 ነበር» የሚል ጽሑፍ ዋስትና ሲጠየቅ ዳኛ ይሆናል። ቁጥሩ 12.3 ከሆነ ደግሞ ነጋዴው «ሬጉሌተርህን ካላሠራህ ዋስትና አልሰጥም» የማለት መብት ይኖረዋል፤ ደንበኛውም ከሁለተኛ ኪሳራ ይድናል።

አሮጌ ባትሪን በተመለከተ፣ እርሳሱ ዋጋ እንዳለው ሁሉ መርዝም ነው። በግቢ ውስጥ ሰብሮ አሲዱን መድፋትና እርሳሱን ማቅለጥ ከሁሉ በላይ ሕፃናትን ይጎዳል። ሳይሰበር ተሰብስቦ ለሚረከብ መሸጥ ይሻላል። ባትሪ በሚሞላበት ክፍል ደግሞ ሃይድሮጂን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ስለሚወጣ እሳትና ሲጋራ አይቅረብ፤ መስኮትም ይከፈት።

ለደላላውና ለገዢው

ያገለገለ ሞተር ወይም ባጃጅ የሚገዛ ሰው ሊብሬውንና ሰሌዳውን ካየ በኋላ አንድ ነገር ይጠይቅ፤ ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ይታይለት። ሲደርስ እጁን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ ይሞክር። ሞተሩ ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ይቀጠር። ባትሪው አዲስ ከሆነ ደስ ከመሰኘት በፊት ለምን እንደተለወጠ ይጠይቅ። የሚያብረቀርቅ አዲስ ባትሪ አንዳንዴ የተደበቀ የዲናሞ ችግር ምልክት ነው። ሦስቱን ቁጥሮች በሻጩ ፊት ያንብብ። ሦስተኛው ቁጥር ካልደረሰ፣ የዲናሞና የሬጉሌተር ጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ለማስቀነስ በቂ ምክንያት አለው። ለደላላውም ቢሆን ቴስተር ይዞ የሚመጣ ደላላ መባል ለነገው ሥራው መልካም ስም ነው።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች አዙሯል። ገበያው በዚህ አቅጣጫ እየሄደ ሲመጣ ባትሪ ከተሽከርካሪው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዝ ዕቃ ይሆናል። ዛሬ የአንዲት ትንሽ የሞተር ባትሪ ቁጥር ማንበብን የለመደ ነጋዴ ነገ ትልቁን ሲገዛም ሲሸጥም አይታለልም።

እስከዚያው ድረስ ግን ደንቡ አጭር ነው። ሞተሩ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ድምፁን ማዳመጥ፣ ራሶቹን መፍተግና ማጥበቅ፣ ከዚያ ሦስቱን ቁጥሮች ማንበብ፤ አርፎ 12.6፣ ሲነሳ ከ9.6 በላይ፣ ሲሠራ 14 ገደማ። ከኪስ ገንዘብ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።